ሰሙን ከየት እናመጣለን?

(ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ አንድ አነስተኛ አዳራሽ፣ ለንባብ ክበብ ወጣቶችና ለወላጆቻቸው ያደረግኩት ንግግር ነው። የልጅ ልጄ ከስልክ ቅጂው ላይ ገልብጣ ጽፋዋለች። እኔ ብዙ አልነካካሁትም። ሳሌን ብቻ አውጥቻለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ!

አይ፣ ይሄ የጾመኛ ድምፅ ነው። እንደገና ልሞክር። እንደምን ዋላችሁ!

እግዚአብሔር ይመስገን። አልሐምዱሊላህ። አሁን ገና ሰው እንዳለ አወቅሁ።

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ በተለይ ደግሞ የፊቱን ወንበር ሸሽታችሁ ኋላ የተጠጋጋችሁት ልጆቼ፣ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ለባሕር ዳር ሰው ውድ ጊዜ ነው። ሐይቅ ዳር ቁጭ ብሎ ቡና መጠጣት እየተቻለ እኔን ለመስማት መምጣት ቀላል ውለታ አይደለም።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ጥያቄ አለኝ። ወደ ኋላ መዞር ክልክል ነው! አንተ፣ ባለ ኮፍያው፣ አየሁህ፤ አትዙር። ጥያቄው ይሄ ነው፦ አሁን የገባችሁበት በር ቀለሙ ምንድን ነው?

አረንጓዴ የምትሉ እጅ አውጡ። እሺ፣ ብዙ ናችሁ። ቡናማ የምትሉ? ሰማያዊ የምትሉ? አራት ሰው። «በር ነበረው እንዴ?» ያለው ማን ነው? (ሳቅ)

በሉ አሁን ዙሩና እዩት።

ከታች እስከ ወገቡ ሰማያዊ ነው። ከዚያ በላይ ግራጫ ነው። ለምን? ቀለሙ አልቆ ነዋ! የጥበቃው ጋሼ ይኸው እዚያ ቆመው ይስቃሉ። የቀቡት እሳቸው ናቸው። የተሰጣቸው አንድ ጣሳ ብቻ ነበር። ሁላችንም በዚያ በር ገባን፤ ግማሽና ግማሽ መሆኑን ልብ ያለ አንድም ሰው የለም። እኔም ብሆን ያየሁት ከእናንተ በልጬ አይደለም። አርብ ዕለት ቀድሜ መጣሁና ቁልፍ የያዘው ሰው እስኪደርስ ግማሽ ሰዓት በሩ ፊት ተገተርኩ። ሌላ የማየው ነገር አጣሁ። ስለዚህ በሩን አየሁት። ከዚያ «ለምን ግማሹ ብቻ?» አልኩ። ከዚያ ጋሼን ጠየቅኳቸው። እንዲህ ነው የተዋወቅነው።

የተሰጠኝ ርዕስ «ፈጠራ በዕለት ተዕለት ሕይወት» የሚል ነው። ተደውሎ ሲነገረኝ ደነገጥኩ። ሠዓሊ አይደለሁም። ገጣሚም አይደለሁም። አንድ ጊዜ ለባለቤቴ ግጥም ጽፌላት ነበር፤ የፊደል ግድፈቱን በቀይ እስክሪብቶ አርማ መለሰችልኝ። እሷም መምህርት ነበረች። (ሳቅ) እኔ 36 ዓመት ጠመኔ የጨበጥኩ የሳይንስ መምህር ነኝ። ስለዚህ የምነግራችሁ ከጥቁር ሰሌዳ፣ ከዓሣ ገበያና ከጎሚስታ ቤት የለቀምኩትን ነው።

አራት ነጥብ ጽፌ ነበር። ባለቤቴ ትናንት ማታ አነበበችውና «ሁለቱ ይበቃሉ» አለች። ተደራድረን ሦስት ላይ ተስማማን። አንደኛው ማየት ነው። ሁለተኛው መጠየቅ ነው። ሦስተኛው በእጅ መሞከር ነው።

ወደ እነሱ ከመግባቴ በፊት ግን ስለ አጎቴ ልንገራችሁ።

የእናቴ ወንድም ዋሸራ ቅኔ ሲማር የኖረ ሰው ነበር። አንድ ክረምት እኛ ቤት መጥቶ ከረመ። እኔ ሰባት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ ብቻውን ይወጣል። «የት ነው?» ስል እናቴ «ቅኔ ሊቆጥር» ትለኛለች። እኔ ደግሞ የሚቆጠር ነገር ሳንቲም ብቻ ነበር የሚመስለኝ። ስለዚህ አንድ ቀን ተከተልኩት።

ሜዳው ዳር ካለች ግራር ሥር ተቀመጠ። ከፊቱ ሁለት በሬዎች ቀንበር እንደተጫናቸው ቆመዋል። ገበሬው የሆነ ነገር ሊያመጣ ሄዷል። አጎቴ በሬዎቹን ያያል። ዝም ብሎ ያያል። ብዙ ቆየ። ሰለቸኝና ወጣሁ፦ «አያ፣ ምን እየሠራህ ነው?»

«ሰም እየፈለግኩ ነው» አለኝ።

እኔ የማር ሰም መሰለኝ! ልረዳው ብዬ ቀፎ ፍለጋ ዛፍ ላይ ወጣሁ። ግራር ላይ መውጣት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል። ማታ እናቴ ከእግሬ እሾህ ስትነቅል እሱ እየሳቀ አስረዳኝ። (ሳቅ)

ሰምና ወርቅ የሚለውን ሁላችሁም ሰምታችኋል። ነገሩ የመጣው ከወርቅ አንጥረኛ ነው። አንጥረኛው መጀመሪያ የሚፈልገውን ቅርጽ በሰም ይሠራል። በሸክላ ጭቃ ይሸፍነዋል። በእሳት ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል። በባዶው ቦታ ወርቁን ያፈስበታል። ሰሙ ከሌለ ወርቁ ቅርጽ የለውም።

ቅኔም እንደዚያ ነው። እስቲ አስቡት፤ ወርቁ ሁላችንም ጋር አለ። ሞት አለ፣ ፍቅር አለ፣ ዓለም ከንቱ ናት አለ፣ እግዚአብሔር ታላቅ ነው አለ። ይሄን ለማወቅ ዋሸራ መሄድ አያስፈልግም። ሰሙ ግን ከየት ይመጣል? ካየኸው ነገር ነው! ከበሬው ጫንቃ፣ ከቀንበሩ፣ ከጉንዳኑ መስመር፣ ከተሰበረው ማሰሮ። ተማሪው ትናንት ያለውን ዛሬ ቢደግም አይሆንለትም። የሌላውን ቢያመጣ ነውር ነው። በየጊዜው አዲስ መሆን አለበት። ጉባኤ ቃና የሚባለው ቅኔ ባለ ሁለት ቤት ብቻ ነው፤ መወድስ የሚባለው ስምንት ነው። ለሁለት ቤት ግን አንድ ከሰዓት ሙሉ በሬ ሲያይ የዋለ ሰው አለ።

ዛሬ ልጆቻችን «ፈጠራ የለኝም፣ ሐሳብ አልመጣልኝም» ሲሉ እሰማለሁ። እኔ ሐሳብ የጎደለው ሰው አላጋጠመኝም። ሰም የጎደለው ነው የበዛው። ወርቁን ይዞ የሚያፈስበት አጥቶ የሚዞር ሰው ሞልቷል።

እሺ። አንደኛ፣ ማየት።

የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይባላል። እኛን አይደለም? ጣና ዳር ተወልደን፣ ጣና ዳር አድገን፣ ስለ ጣና የምናውቀው እንግዳ ሲመጣ ፎቶ የምናስነሳበትን ቦታ ነው። እኔም እንደዚያ ነበርኩ።

1975 ዓ.ም. ነው። ገና ጀማሪ መምህር ነኝ። ኮሌጅ ተምሬ፣ ሥነ ሕይወት አስተምራለሁ፣ ደረቴ ተነፍቷል። አንድ ጠዋት ዓሣ ልገዛ ሐይቁ ዳር ወረድኩ። አንድ አዛውንት ዓሣ አጥማጅ በታንኳ መጡ። ታንኳ ስል የደንገሏን ነው። የነገደ ወይጦ ሰዎች የተካኑባት። ደንገል ውስጡ ስፖንጅ ነው፤ አየር ስለያዘ ይንሳፈፋል። ግን ውሃ ይጠጣል። ስለዚህ ከውሃ እያወጡ ማድረቅ አለ። ካልደረቀች እየከበደች ትሄዳለች። ይሄንንም ያን ቀን ነው የሰማሁት።

«መምህር፣ ምን ልስጥህ?» አሉኝ።

«ነጭ ዓሣ።»

«የትኛውን ነጭ ዓሣ?»

«ኧረ አባባ፣ ነጭ ዓሣ ያው ነጭ ዓሣ ነው እንጂ!» አልኩ። ቀረሶን አውቃለሁ፣ አምባዛን አውቃለሁ፣ የቀረው ነጭ ዓሣ ነው። በቃ።

ሰውዬው አልመለሱልኝም። ሦስት ዓሣ አወጡና ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን አጋደሟቸው። «አፋቸውን እይ» አሉኝ።

አየሁ። ምንም አልታየኝም። «እንደገና እይ» አሉኝ። እንደገና አየሁ። ቀስ እያለ መጣልኝ። የአንደኛው አፍ ወደ ታች የዞረ ነው፤ መሬት የሚለቅም ይመስላል። የሁለተኛው ከንፈር ወፍራም ነው። የሦስተኛው አፍ ሰፊ ነው፣ የታችኛው መንጋጋ ወጣ ብሏል። «ይሄ ዘመዱን የሚበላ ነው» አሉና ሆዱን በቢላ ቀደዱት። ከውስጡ ትንሽዬ ዓሣ ወጣች።

እንግዲህ አስቡ። እኔ ዲፕሎማ አለኝ። እሳቸው ፊደል አልቆጠሩም። መምህሩ ማን ነበር?

የበለጠ የሚገርማችሁን ልንገራችሁ። ያኔ በሳይንሱም መጽሐፍ እነዚህ የጣና ትልልቅ ነጭ ዓሦች ሁሉ አንድ ዝርያ ተብለው ተጠቃለው ነበር። የእኔ ስህተት የመጽሐፉም ስህተት ነበር! በእኛ አቆጣጠር በ1980ዎቹ ከሆላንድ የመጡ ተመራማሪዎች እንደ አባባ ቁጭ ብለው አፋቸውን፣ ጭንቅላታቸውን፣ ሆዳቸውን፣ የሚራቡበትን ቦታ አዩ። ለካ 15 ገደማ የተለያዩ ዝርያዎች ናቸው። አብዛኞቹ ከጣና አካባቢ ውጪ በዓለም ላይ የሉም። ከእነሱ ውስጥ 8ቱ ዓሣ በል ናቸው። እነዚህ ዓሦች መንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም እኮ! ጥርስ የሌለው አዳኝ! የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ወደ 40 ሜትር ይሆናል፤ ከታች የሚመጣ ዓሣ ዘሎ አይወጣውም። ስለዚህ እነዚህ ከላይ ብቻቸውን ቀርተው፣ አንዱ መሬት ለቃሚ፣ አንዱ አዳኝ እየሆኑ ሥራ ተከፋፈሉ። እኛ ደግሞ ሁሉንም በአንድ ዋጋ ጠብሰን በላናቸው። (ሳቅ)

ከዚያን ቀን በኋላ ዓሣ በገዛሁ ቁጥር አፉን አያለሁ። ባለቤቴ መጀመሪያ አፍራብኝ ነበር። አሁን እሷም ታያለች።

ትንሽ ከመንገዴ ልውጣ፤ ይሄ በወረቀቴ ላይ የለም። ጣና መጨረሻ የለውም፣ ውስጡ ጥልቅ ነው ሲባል ሰምታችኋል አይደል? አንድ ማታ እራት ላይ እንጀራው ተዘርግቶ ሳለ ስሌት ያዝኩ። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በሰፊው በኩል ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። እጅግ ጥልቅ የሚባለው ቦታው ግን 14 ሜትር አካባቢ ነው። አራት ፎቅ ቤት ማለት ነው። እንግዲህ ጣናን አሳንሰን ምጣድ ላይ ያለ እንጀራ ብናሳክለው፣ ውፍረቱ ስንት ይሆናል? የእንጀራ ያህል? አይሆንም። የወረቀት ያህል ነው! ይሄ ሁሉ ባሕር፣ ይሄ ሁሉ ደሴት፣ ይሄ ሁሉ ገዳም፣ ወረቀት የምታህል ውሃ ላይ ነው ያለው። ወጡ ቀዘቀዘ፣ ተቆጡኝ። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ እምቦጭ ሲባል፣ ደለል ሲባል የምሰማበት ጆሮ ተለወጠ። ጥልቅ ባሕር ብዙ ይችላል። ወረቀት ምን ያህል ይችላል?

ለማየት ጊዜ ያስፈልጋል። በሩን ያየሁት ቁልፍ ስለዘገየ ነው ብያችኋለሁ። እናንተ ዛሬ ቁልፍ ቢዘገይባችሁ ምን ታደርጋላችሁ? አዎ፣ ስልክ። እኔም አደርጋለሁ፤ ያን ዕለት ባትሪዬ ስለሞተ ነው። ስልክን አልራገምም፣ ይሄን ንግግር የምትቀዳው የልጅ ልጄም በስልክ ነው። ብቻ አንድ ነገር አስተውሉ፤ ድሮ መሰላቸት የሚባል ነገር ነበር። አጎቴ በሬ ሲያይ የዋለው እሱ ስለነበረው ነው።

ሁለተኛ፣ መጠየቅ።

እዚህ ላይ የምናገረው ስለ ጥፋቴ ነው።

አማርኛችን ለሚጠይቅ ልጅ ስንት ስም እንዳለው ቁጠሩ። ነዝናዛ። ነገረኛ። አፈ ጮሌ። ወሬኛ። «ምን አገባህ?» «ትልቅ ሰው ሲያወራ ዝም በል!» ለዝምተኛ ልጅስ? ጨዋ። አንድ ብቻ፣ እሱም ሙገሳ። ልጅ አምስት ዓመት ሆኖት በቀን መቶ ጥያቄ ይጠይቃል። ትምህርት ቤት ገብቶ አሥራ ሁለት ዓመት ተምሮ ሲወጣ የሚጠይቀው «ፈተና ላይ ይወጣል?» የሚለውን ነው። ማን አስተማረው? እኔ ነኝ። እኛ ነን።

1996 ዓ.ም. አካባቢ ይመስለኛል። መስከረም ነው፣ ትምህርት የተጀመረበት ሰሞን። ስለ ወንዞች አስተምራለሁ። ጣና ትልልቅ አራት ገባሮች አሉት፦ ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭ። ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። አንዲት ሰባተኛ ክፍል ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ዓባይ ጣናን ሳይቀላቀል ሰንጥቆ ያልፋል ይባላል። እውነት ነው?»

ይሄን እናንተም ከአያቶቻችሁ ሰምታችኋል። ዓባይ ከግሽ ዓባይ ተነሥቶ፣ ጣናን ሳይነካው በላዩ ተንሸራቶ ያልፋል የሚለውን።

«ተረት ነው፣ ቁጭ በይ» አልኳት።

ቁጭ አለች። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ቀጠልኩ። መልሴ እኮ ስህተት አልነበረም! ትክክል ነበርኩ። ትክክል ሆኜ አበላሸሁት።

ሁለት ሳምንት አለፈ። አንድ ጠዋት ክፍል ስገባ መስኮቱ ላይ አምስት ሃይላንድ ተደርድሯል። ሁሉም ውሃ ሞልቷቸዋል። እያንዳንዳቸው ላይ በፕላስተር ተጽፎባቸዋል፦ «ወንዙ አፍ»፣ «ገባ ብሎ»፣ «ደቅ አጠገብ»፣ «ዘጌ»፣ «ባሕር ዳር»። የልጅቷ አጎት ወደ ቁንዝላ በሚሄደው መርከብ ላይ ይሠራ ነበር። ለምናው፣ ባዶ ሃይላንድ አስይዛው፣ በየቦታው አስቀድታ ነው።

ምን ልበል? «ይሁን፣ ይቀመጥ» አልኩ። ሦስት ቀን ሳይነካ ተቀመጠ። ደለሉ እየወረደ ከታች ተኛ። በአራተኛው ቀን ልጅቷ ማስመሪያ ይዛ ለካች። የወንዙ አፍ ከሁሉ ወፍራም ነው። ገባ ሲል ቀነሰ። ደቅ ጋ ሲደርስ ብትን የጠመኔ ብናኝ የመሰለ ነገር ብቻ ቀረ። ክፍሉ ሁሉ መስኮቱ ላይ ተንጠላጠለ። 70 ልጅ ነው! ማንም አልረበሸም።

ከዚያ ዞር ብላ ምን እንዳለችኝ ታውቃላችሁ? «ቲቸር፣ ይቀላቀላል። ግን ወዲያው አይቀላቀልም። አያቶቻችን ቡናማው ውሃ ሲገባ አይተው ነው የተናገሩት።»

እኔ «ተረት ነው» ብዬ የዘጋሁትን እሷ ከፈተችው። አያቶቿንም ሳታዋርድ፣ እኔንም ሳታዋርድ። ክፍሉ ፊት ይቅርታ ጠየቅኳት። መምህር ሆኜ ካደረግኳቸው ነገሮች ያቺን ቀን ነው የምወዳት።

አሁን «ሳይንቲስት ሆነች» እንድላችሁ እየጠበቃችሁ ነው። አልሆነችም። ልብስ ስፌት ቤት አላት። (ሳቅ) ባለፈው ዓመት የባለቤቴን የሐበሻ ቀሚስ ልናሰፋ ሄድን። «ቲቸር፣ የእናቶች ጥለት ቶሎ የሚበላው በየት በኩል እንደሆነ ያውቃሉ?» አለችኝ። እኔ ምን አውቄ! «በቀኝ በኩል ነው። ባጃጅ ላይ ሲወጡና ሲወርዱ ከብረቱ ጋር ይታሻል» አለች። ለጥገና የሚመጣላትን ቀሚስ እያየች የደረሰችበት ነው። ስለዚህ በዚያ በኩል ከውስጥ ስስ ጨርቅ ትደርባለች። ደንበኛዋ አያውቅም፤ ቀሚሱ ግን ይቆያል። ያቺው ባለ አምስት ሃይላንዷ ልጅ ናት።

ወላጆች፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ማታ ልጃችሁ ከትምህርት ቤት ሲመጣ «ስንት አገኘህ?» ከማለታችሁ በፊት «ዛሬ ምን ጠየቅክ?» በሉት። መጀመሪያ ግራ ይገባዋል። አንድ ሳምንት ቻሉት።

ሦስተኛ... ቆይ፣ እዚያ እጅ ያወጣኸው ልጄ፣ ተናገር። ማይክሮፎኑን ስጡት።

እሺ። ላልሰማችሁ ልድገመው። «ጋሼ፣ ኑሮ እንዲህ ተወዶ፣ ሥራ ጠፍቶ፣ የዓሣ አፍ ማየት የሚችለው ጡረታ የወጣ ሰው አይደለም ወይ?» ነው ያለው። (ሳቅ፣ ጭብጨባ) አጨብጭቡለት፣ ተገቢ ጥያቄ ነው። እውነትህን ነው። የቤት ኪራይ ያስጨነቀው ሰው የበር ቀለም ባያይ አልፈርድበትም። እኔም ደመወዝ ያልደረሰልኝ ወር ላይ ሐይቁ አጠገብ አልፌ ሐይቁን ሳላይ ቤቴ የደረስኩባቸው ቀናት ሞልተዋል። «ልብ በሉና ሀብታም ሁኑ» የሚል ሰው ቢመጣ አትመኑት። ግን የሦስተኛው ነጥቤ ባለቤት ጡረተኛ አይደለም። ጎሚስታ ነው። እሱን ልንገርህ፣ ከዚያ አንተው ፍረድ።

ሦስተኛ፣ እጅ።

ባሕር ዳር የሳይክል ከተማ ናት። ሜዳ ነው፣ መንገዱ ሰፊ ነው፣ ዘንባባው ጥላ ነው። እኔም 30 ዓመት በሳይክል ሄጃለሁ። ሳይክል ያለው ሰው ደግሞ ጎሚስታ አለው። የእኔ ጎሚስታ ከመንገድ ዳር፣ ከአንድ ጃንጥላ ሥር የሚሠራ ወጣት ነበር። አንድ ፓምፕ፣ አንድ ሳፋ ውሃ፣ ማጣበቂያ፣ የተቆራረጠ ከመነዳሪ። ንብረቱ ይሄው ነው።

መጀመሪያ ያስገረመኝ ከንፈሩ ነው። ሳፋው ውሃ ሲያጣ፣ የተነፋውን ከመነዳሪ ወደ ከንፈሩ አስጠግቶ ቀስ ብሎ ያዞረዋል። ነፋሱ ከንፈሩን ሲነካው ቀዳዳውን አገኘው ማለት ነው። «ከንፈር ከእጅ ይበልጣል፣ በተለይ ከረጠበ» ይለኛል። ማን አስተማረህ ስለው «ውሃ ማጣት» አለኝ።

ሁለተኛው ደግሞ ጣሳው ነው። ከጎማ የሚያወጣውን ነገር አይጥልም። እሾኹን፣ ሚስማሩን፣ የሽቦውን ቁራጭ፣ ሁሉንም የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ ይከታል። «ለምን?» አልኩት። «የት እንደወጋ ስለምጠይቃቸው» አለኝ። ደንበኛውን ሁሉ ይጠይቃል! «በየት በኩል መጣህ?» ትንሽ ቆይቶ ገባው። እሾኹ ከየአቅጣጫው ነው። ሚስማሩ ግን በአብዛኛው ከአንድ መንገድ ነው፤ እንጨት ቤቶች ከተደረደሩበት።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? ዝም ትላላችሁ። እኔም ዝም እል ነበር። ሚስማሩ እኮ እንጀራው ነው!

እሱ ከተበላሸ ስፒከር ማግኔት ፈታ። በገመድ አሰረው። ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመጀመሩ በፊት እንጨት ቤቶቹ ፊት መንገዱ ላይ እየጎተተው ያልፋል። ሰው «አበደ» አለ። ማግኔቱ ሚስማር እንደ ጃርት ለብሶ ይመጣል። የጎበጠውን አቃንቶ ለእነዚያው አናጢዎች መልሶ ይሸጥላቸዋል! የዛገውን ለቆራሊዮ።

«ገበያህን ራስህ አልገደልክም?» ብዬ ጠየቅኩት። ሳቀ። «ጋሼ፣ ሳይክሉ ባይፈነዳም ሰው ለፓምፕ ይመጣል። ደግሞ አሁን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀኛል» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ከዚያ በፊት እኔ ራሴ ስሙን አላውቅም ነበር።

ልጄ፣ ያ ሰው የተማረ አልነበረም፣ ጊዜም አልተረፈውም። ያየው ነገር ነበረ፣ የጠየቀው ነገር ነበረ፣ ከዚያ እጁን ሰደደ። ይሄንን በዶክተሮች ስብሰባ ላይ ጥናት ይሉታል። እሱ ጣሳ ይለዋል። ፍርዱን ለአንተ ትቼዋለሁ።

ሰዓቴን እያሳዩኝ ነው። አዎ፣ አየሁ። አምስት ደቂቃ።

የእኔን ጣሳ ላሳያችሁና ላብቃ። ይኸውላችሁ፣ ይሄ ደብተር ነው። ባለ 50 ሉክ፣ ተራ ደብተር። ማታ ማታ ያን ቀን ያየሁትን አንድ ነገር እጽፋለሁ። አንድ ብቻ። ረጅም አይደለም፣ አንድ መስመር ወይም ሁለት። አንዳንዱ ቀን ባዶ ነው። ባዶውንም «ዛሬ ምንም አላየሁም» ብዬ እጽፈዋለሁ፣ ያሳፍረኛል፣ በማግሥቱ ዓይኔ ይከፈታል። ዓሣም ለመሳል ሞክሬያለሁ። እዩት። ይሄ ዓሣ ነው። ጫማ አይደለም። (ሳቅ) ሥዕሉ አስቀያሚ ነው፤ ነገር ግን ዓሣን ለመሳል ስትሞክር ክንፉ ከየት እንደሚጀምር እንደማታውቅ ትደርስበታለህ። እኔ 36 ዓመት ስለ ዓሣ ሳስተምር ይሄን አላውቅም ነበር።

ጥቂት ላንብብላችሁ። «ሰኞ፦ ከድልድዩ ላይ ሳይ ዓባይ ዛሬ ድምፅ የለውም። ማክሰኞ፦ ቆሎ ሻጯ ልጅ ስፈሩን ከመስጠቷ በፊት ሁለት ፍሬ መልሳ ትጨምራለች፣ ለሁሉም ሰው። ረቡዕ፦ ባዶ። ሐሙስ፦ የዘጌ ሰው አግኝቼ ለምን መሬቱ አይታረስም አልኩት። ከጥንት ጀምሮ አይታረስም፣ በሬም አይገባም አለኝ። ቡናው ዛፍ ሥር ያለው፣ ጫካው እስከ ዛሬ የቆመው በዚያ ነው።» አርብ የጻፍኩት በሩ ነው። ጋሼ፣ እርስዎ አሉበት፤ ግማሽ በር ብዬ።

ከዚህ ውስጥ ምን እንደሚወጣ አላውቅም። ምንም ላይወጣ ይችላል። አጎቴም በሬዎቹን አይቶ ያን ቀን ቅኔ እንደሞላለት አልጠየቅኩትም።

በሉ እንግዲህ። ቀረ ያልኩት አራተኛው ነጥብ በንግግር የሚሆን አይደለም። የሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ዓሣ የሚወርድበት ቦታ እገኛለሁ። ሦስት ነጭ ዓሣ እገዛለሁ፤ ከተገኘ አራት። አፋቸውን እናያለን። ማስመሪያና እርሳስ የያዘ ይምጣ። ዝናብ ቢጥልም አልቀርም፤ ጃንጥላ አለኝ። ዓሣውን ማን ይጠብሳል የሚለውን እዚያው እንነጋገራለን፤ ባለቤቴ ከወዲሁ እንደማትጠብስ አስታውቃለች።

እግዚአብሔር ይስጥልኝ።